ስሙን ያልጠራሁበት ማታ

እናቴ ዕብራይስጥ የምትሰማው በዓይኗ ነው። ከኢትዮጵያ ወጥተን እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ከገባን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖናል። እሷ የሆስፒታል ወለል ስትወለውል ጉልበቷን ጨርሳ ጡረታ ወጥታለች፤ ቋንቋው ግን ከገበያና ከሐኪም ቤት አላለፈላትም። ዜና ላይ ሲሆን ማንም አይቀድማትም። አንባቢዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ከጀመረች ፖለቲካ ነው። ድምጿን ዝቅ ካደረገች ሰው ሞቷል። ፈገግ ካለች ስለ ዝናብ ወይም ስለ ኳስ ነውና እናቴ ተነሥታ ሰሃን ታጥባለች። እኔ በቴሌቪዥኑ ብቅ ስል ግን ሰሃኑም ውሃውም ይቀራል። «ከሳች» ትላለች። ወልጄ ተነሥቼ፣ ጉንጬ እንደ ዳቦ ነፍቶ በቀረብሁበት ሰሞን እንኳ «ከሳች» ብላለች።

የምሠራው ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው፤ የደቡቡን የፍትሕና የጸጥታ ዜና እዘግባለሁ። ሲጠራ ትልቅ ነገር ይመስላል። ሲፈታ፣ ጠዋት ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ መቀመጥ፣ ከሰዓት እስር ቤት በር ላይ በፀሐይ መንቃቃት፣ ማታ መኪና የተገለበጠበት ወይም ሰው የተወጋበት መንገድ ዳር ቆሞ ማይክሮፎን መጨበጥ ነው። መጀመሪያ ሲቀጥሩኝ ለዚህ አልነበረም። ከኢትዮጵያ የመጣው የእኛ ሰው ሰልፍ ከወጣ፣ የእኛ ሰው በዓል ካከበረ፣ ያኔ ነበር ስልኬ የሚጮኸው። እንደዚያ እየሠራሁ ከርሜ አንድ ቀን ቆሽቴ አረረ። አለቃዬን፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ማን የት እንደሚሄድ የሚወስነውን አርታኢ፣ ሌባውም ነፍሰ ገዳዩም የሚፈረድበት ቦታ ላከኝ፣ እዚያ የሁሉም ሰው ነገር ነው ያለው አልሁት። ሳቀብኝ። በማግሥቱ ግን ላከኝ።

ያ ኮሪደር ብዙ አስተምሮኛል። አግዳሚ ወንበሩ አንድ ነው፤ የሟች እናትና የተከሳሽ እናት እዚያው ላይ ይቀመጣሉ። ሌላ መቀመጫ የለም። የውሃ ጠርሙስ ሲቀባበሉ አይቻለሁ። የእኛ እናቶች ደግሞ ጥቁር ካባ የለበሰ ሁሉ ዳኛ ይመስላቸዋል፤ ጠበቃ ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላሉ። አንዱ ለጋ ጠበቃ በአንድ እጁ ሳንድዊች፣ በሌላው ስልኩን ይዞ እየተሳሳቀ ያልፋል፤ እነሱ ነጠላቸውን አደግድገው ይቆሙለታል። «ይቀመጡ እማማ፣ ዳኛው በሌላ በር ነው የሚገባው» እላቸዋለሁ። መቼ ሰምተውኝ! መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ግን እንዲህ ያለ አክብሮት ይዞ የሚመጣን ሰው ቀና ብሎ ያላየ ሰው ነው ማፈር ያለበት እያልሁ ከራሴ ጋር እከራከር ጀመር። አሁንም ድረስ እከራከራለሁ።

እናቴ ሥራዬን ወዳልኝ አታውቅም። «መርዶ ነጋሪ ሆነሽ ቀረሽ» ትለኛለች፤ ደግሞ በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ ለምታገኘው ሰው ሁሉ ልጄን ትናንት አያችኋት ወይ እያለች ትጠይቃለች። ነገሯ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ ሞት እንደወረደ አይነገርም። መጀመሪያ የሚሰሙት ሽማግሎች ናቸው። እነሱ ይመካከራሉ፣ ዘመድ ከየከተማው ይጠራል፤ ሐዘንተኛው ምንም ሳይሰማ እራቱን በልቶ ይተኛል። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ተሰብስቦ ይመጣና ትልቁ ሰው ይናገራል። ይሄ የሚደረገው ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲበዛለት ነው። የኔ ሙያ የዚህ ግልባጭ ነው። ቀድሞ የተናገረ ይሞገሳል፣ ጥቂት የዘገየ ይወቀሳል። እኔ ቀን ቀን በአንዱ፣ ቤት ስገባ በሌላው እየኖርሁ ይሄው ፀጉሬ ሸበተ።

እናቴ የምትኖረው ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ከእሷ በታች ባለው ቤት ደግሞ አንዲት ጎረቤት አሉን። እንደ እናቴ ከጎንደር የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሥራቸው ሽኩና ቤት በሚባለው በሌላው ሰፈር የሚኖሩ አንድ አቅመ ደካማ ሽማግሌ ማጠብና ማጉረስ ነው። ማታ ማታ ዜናው ሊጀምር ሲል ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው ይወጣሉ፤ የእናቴ ሶፋ ወገባቸውን ስለሚወጋቸው ነው። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው እኔን ያያሉ። ሌላ ጣቢያ አያውቁም።

ታላቁ ልጃቸው ጋራዥ አለው። ታናሹ ፖሊስ ነበር። ፍርድ ቤት እስረኛ ሲያመጣ ኮሪደሩ ላይ እንገናኝ ነበር። አንድ እጁ ከእስረኛው ጋር በካቴና ታስሮ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ በአጠገቤ ሲያልፍ በአማርኛ ቀስ ብሎ «ከስተሻል ተብሏል፣ ከላይ ቤት» ይለኛል። ሳቄን አፍኜ ማስታወሻዬን የማይ እመስላለሁ። ዳኛ ፊት ለመመስከር ሲቆም ደግሞ እንደ እናቱ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገር። ያ ሁሉ ትከሻ ይዞ!

አንድ ዓርብ ከሰዓት እናቴ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ጎረቤታችን አንድ ነገር ጠየቁኝ። ሰው ሲሞት አንዳንዴ ስሙንም ፎቶውንም ታወጫለሽ፣ አንዳንዴ ደግሞ አንድ ሰው ብለሽ ብቻ ታልፊዋለሽ፣ ምነው ታበላልጫላችሁ አሉኝ። እኔም እንዲህ ስል አስረዳኋቸው፦

«እናቱ እስክትሰማ ነው እማማ። ስሙን ካልጠራሁ፣ እናቱ ገና አልሰማችም ማለት ነው።»

«ኧረግ» አሉ ቀና ብለው። «ለካ እነሱም መርዶ ያውቃሉ።»

በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ፣ እናቴ እንደነገረችኝ፣ እኔ ስም ሳልጠራ ባለፍሁ ቁጥር ጎረቤታችን ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጽናሽ» ይላሉ። ለዚያች ላልሰማችው እናት ነው። አረብ ትሁን አይሁድ፣ ከየት ትሁን ምን፣ አይጠይቁም። እናቴ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ።

ያ ቀን የመጣው በግንቦት፣ የበረሃው ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት ሰሞን ነው። ቀትር ላይ የፖሊስ ቃል አቀባዩ መልእክት ላከ፤ ከከተማው ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ፣ የተሰረቀ መኪና ኬላ ጥሶ አንድ ፖሊስ ገጭቷል የሚል። ከካሜራ ባለሙያው ጋር ወጣን። እሱ ቤር ሼቫ ተወልዶ ያረጀ፣ አፈር ሲሸት እንኳ የት ሰፈር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከእኔ ጋር ስንት ዓመት ሲዞር ከሚስቱ ይልቅ የኔን ፀባይ ለምዷል። እዚያ ስንደርስ ፖሊሱ ሞቷል ተባለ። መንገዱ ላይ የተሰበረ መስታወትና አንድ ኮፍያ ነበር። ኮፍያውን እንዳይቀርጸው ነገርሁት፣ እሱም ቀድሞ ዞሯል።

አመሻሽ ላይ ሁለተኛው መልእክት መጣ። «ሙታር ለፒርሱም» ይላል፤ ለቤተሰቡ ተነግሯል፣ ስሙ እንዲወጣ ተፈቅዷል ማለት ነው። ከሥሩ ስሙ አለ። አነበብሁት። ደግሜ አነበብሁት። የመኪናውን በር እንደያዝሁ ቀረሁ። ይሄ የጎረቤታችን ልጅ ከሳምንት በፊት «ከስተሻል» ሲለኝ ነበር! የካሜራ ባለሙያው ምን እንደሆንሁ ጠየቀኝ፣ ስልኩን ሰጠሁት፣ አንብቦ የራሱን ኮፍያ አወለቀ።

ወዲያው ያሰብሁት እናቱን ነው። ለቤተሰቡ ተነግሯል ስለሚል ሰምተዋል ብዬ ነበር። ምን ያህል ሰው አጠገባቸው አለ፣ ማን ያዛቸው እያልሁ ሳለ እናቴ ደወለች። የምታወራው በሹክሹክታ ነው፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊያረዱ የመጡት የፖሊስ መኮንኖች ጎረቤታችን ቤት ያገኙት ታላቁን ልጅ ነው። እናቱ ሥራ ላይ ነበሩ። መኮንኖቹ እዚያ ሄደው ሊነግሯቸው ሲነሡ ታላቁ ልጅ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆኖ ለመናቸው፤ ለእናታችን እኛው በወጋችን እንንገራት፣ ዘመድ ከሃይፋና ከነታንያ እየመጣ ነው፣ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን አላቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ወጉን አክብረው ተዉላቸው። ቢሯቸው ሲመለሱ ግን ለቤተሰቡ ተነግሯል አሉ። ውሸት አይደለም፣ ተነግሯል። በዕብራይስጥ ቤተሰቡ ሰምቷል፤ በአማርኛ ግን እናቲቱ አልሰማችም። ይህን ሁለት ነገር እንደ አንድ የቆጠረው ማንም ክፉ ሰው አይደለም፤ ያም ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ሽማግሎቹ እናቴን፣ ከሥራ ስትመለስ ወደ አንቺ ቤት አስገቢያት፣ እስኪነጋ ከሰው አታገናኛት ብለዋታል። እናቴም የሆድ ቁርጠት ተነሣብኝ ብላ አስቀምጣቸዋለች። ስልካቸውን ቻርጅ ላድርግልሽ ብላ ወስዳ ትራስ ሥር ከትታዋለች። አሁን ሳሎን ሆነው ለእሷ ጤና አዳም እያፈሉላት ነው።

«ቴሌቪዥኑን ላጥፋው ብል ትጠረጥራለች» አለችኝ። «ተበላሸ ብላት የኔ ቤት እንውረድ ትላለች። አንቺን ሳታይ ውላ አድራ አታውቅም። ልጄ፣ ተይ፣ ካንቺ አፍ እንዳትሰማ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዜናው ሊጀምር ብዙ አልቀረውም። ለአለቃዬ ደወልሁና ስሙም ፎቶውም እንዳይወጣ ጠየቅሁ። ተፈቅዷል እኮ አለኝ። አዎ ተፈቅዷል። ሌሎቹ ሁሉ አውጥተውታል፣ በየስልኩ ሞልቷል፣ እኛ ብቻችንን ምን እንሆናለን አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። መርዶ ምን እንደሆነ ላስረዳው ሞከርሁ፤ በዕብራይስጥ ሳወራው ራሱ አጉል እምነት መስሎ ተሰማኝ፣ ደሜ ፈላ። በመጨረሻ ማስረዳቱን ተውሁት።

«እናቱ ሌላ ጣቢያ አታይም» አልሁት። «እኔን ነው የምታይ። አሁን እናቴ ሶፋ ላይ ተቀምጣ እኔን እየጠበቀች ነው።»

 ለአንዲት ተመልካች ብለሽ ነው አለኝ። አዎ፣ ለአንዲት ተመልካች ነው አልሁት። ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። እስከ እኩለ ሌሊቱ ዜና ድረስ ስም አይጠራም፤ ከላይ ሰው ቢቆጣ የምትመልሺው ግን አንቺ ነሽ ብሎ ዘጋው። ያን ሰውዬ በየጊዜው አማዋለሁ፤ ያን ቀን ያደረገልኝን ግን አልረሳለትም።

መንገድ ዳር ቆምሁ። መብራቱ በራ። ስንት ዓመት ያሠለጠንሁት ፊት አለኝ፤ ሐዘንም ደስታም የማይነበብበት፣ እናቴ የድንጋይ ፊትሽ የምትለው። ያን ፊት አጠለቅሁት። የካሜራውን መስታወት ስመለከት የሚታየኝ ግን መስታወቱ አልነበረም፤ ሶፋው፣ ትራሱ፣ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። አንድ ፖሊስ በሥራ ላይ እንዳለ ሞቷል አልሁ። ሹፌሩ መያዙን፣ ነገ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ፣ መንገዱ መከፈቱን ተናገርሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስሙን ሳልጠራ ጨረስሁ።

መብራቱ ሲጠፋ የካሜራ ባለሙያው ውሃ አቀበለኝ። ለእናቴ ደወልሁላት። እፎይ አለች። አልጠረጠረችም አለችኝ፤ ዜናው ሲያልቅ እራት አቀረብሁላት፣ በላች፣ እዚሁ እደሪ ብላት እሺ ብላ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ያኔ ነው መኪናው ውስጥ ገብቼ ያለቀስሁት። እውነቱን ለመናገር፣ በልቅሶዬ ውስጥ ትንሽ ኩራትም ነበረበት። ይህን ሙያ ከያዝሁ ጀምሮ አንድ ዜና ማዘግየት እንደ ሥራ ሲቆጠርልኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ሄድሁ። ደረጃው በሰው ተሞልቷል፤ ነጭ የለበሰ ሰው ከታች እስከ ላይ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል፣ የሚያስነጥስ እንኳ የለም። ከሃይፋ የመጡት ዓይናቸው ደም መስሏል። ሽማግሌው በሩን አንኳኩ። ጎረቤታችን ተነሥተው ነበር፤ ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን በቅጡ ለብሰው አገኘናቸው። ሽማግሌው በለሆሳስ ተናገሩ። እሳቸውም እንደ ወጉ ጮኹ፣ ደረታቸውን መቱ፣ ወደቁ፤ ያ ሁሉ እጅም ያዛቸው። እኔም አንዱ እጅ ነበርሁ። ለዚህ ነው የዘገየው፣ ለዚህ ነው አልሁ በልቤ።

ለቅሶው በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ፎቁ ፊት ለፊት መኪና ማቆሚያው ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሰው ሳሳ ሲል ጎረቤታችን በእጃቸው ጠሩኝ። ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ድምፃቸው ሰልሏል። እጄን ይዘው ቆዩና፦

«አንቺ ነሽ የነገርሽኝ» አሉኝ።

አልገባኝም። ስሙን አልጠራሁም እማማ፣ ለአንቱ ብዬ ነው ያልጠራሁት አልኋቸው።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። አልጠራሽውም። እንደ ልማዴ ለዚያች ላልሰማች እናት እግዜር ያጽናሽ ልል አፌን ከፈትሁ። ወደ እናትሽ ዞር ብል፣ ከሳች ማለት የማትተው ሴትዮ ዝም ብላለች። ቀና ብላም አላየችኝ። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ለማን ነው የምለው?»

 ስሙ ካልተጠራ እናቱ አልሰማችም፤ ይህን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ ያን ሁሉ ሌሊት ብቻዎን እንዴት ቻሉት አልኋቸው፤ እንባዬ ቀድሞኝ።

«ሰው ከሩቅ እየመጣልኝ መሆኑ ገባኝ» አሉ። «እናትሽ የሌለ ቁርጠት ታማ፣ ታላቁ ልጄ ሽማግሌ ለምኖ፣ አንቺም እዚያ እንጨት መስለሽ ቆመሽ። ሁላችሁ ለእኔ ብላችሁ ደከማችሁ። ቀድሜ ብጮህ ምን ይሰማችኋል? እራቱን ዋጥሁት። ጋቢዬን ነክሼ ጠበቅኋችሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ የሆነ ሰው ውሃ ሲያድል አለፈ። እሳቸው እጄን አልለቀቁም።

«ሌሎቹ ሁሉ ጠርተውታል አሉ፣ በማያውቁት አፋቸው አጣመው። ካንቺ ግን አልሰማሁትም» አሉኝ። «አሁን እናቱ ሰምታለች። ጥሪው።»

ማይክሮፎን የለም፣ መብራት የለም። ያ የድንጋይ ፊትም አብሮኝ አልነበረም። አፌ እየተንቀጠቀጠ፣ ከአባቱ ስም ጋር፣ እናቱ እንደምትጠራው አድርጌ ጠራሁት።